በትርፉ የተወለደችው ልጅ

ይህ የሆነው ማርስ ላይ ነው። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ ብጠራውም መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ሄዶ የሚያጣራ አይኖርም። ከመስታወት ጣሪያ በታች የተሠራች፣ አራት ሺህ ያህል ሰው የሚኖርባት፣ ውጭዋ ቀይ አቧራ፣ ውስጧ ኮሪደርና መጋዘን የሆነ ከተማ ናት። በዚያች ከተማ መዝገብ ቤት ስንዱ የምትባል ሴት ነበረች። ሥራዋ የሚወለደውን፣ የሚያገባውንና የሚሞተውን መጻፍ ነው። በዚህ ሥራ ስትቆይ አንድም ሐሰት ጽፋ አታውቅም። ይህንንም ራሷ ትናገራለች፤ ሳይጠይቋትም ትናገራለች።

ወደ ስንዱ ከመመለሴ በፊት ግን የከተማዋን ጊዜ ማስረዳት አለብኝ፤ አለዚያ የሚመጣው ሁሉ ግራ ያጋባል።

የማርስ ቀን ከምድር ቀን በሠላሳ ዘጠኝ ደቂቃ ተኩል ይረዝማል። ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎችም ትንሽ መስሏቸው ከምድር ይዘውት በመጡት ሰዓት መኖር ቀጠሉ። በአሥራ ስምንተኛው ቀን ሰዓታቸው «ምሳ» ሲል ውጭው ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። ሌላ አሥራ ስምንት ቀን ሲታገሡ ነገሩ ተስተካከለ፤ ደስ አላቸው። ከዚያ እንደገና ተበላሸ። በዚህ ምክንያት የጊዜ ቤት የሚባል መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ የጊዜ ሹም የሚባልም ሰው ተሾመ። ሹሙ አቶ ልዑልሰገድ ይባላሉ፤ ቀጭን፣ ረጋ ያሉ፣ ቃላቸውን እንደ መድኃኒት እየለኩ የሚያወጡ ሰው ናቸው።

አቶ ልዑልሰገድ ዓመቱን ያለ ብዙ ችግር ከፋፈሉት። ማርስ ፀሐይን ዞራ የምትመለሰው በስድስት መቶ ስልሳ ስምንት ቀን ከግማሽ ገደማ ነው። ሃያ ሁለት ወር፣ እያንዳንዱ ሠላሳ ቀን፣ አደረጉና የተረፈውን ስምንት ቀን፣ አንዳንዴም ዘጠኝ፣ ጳጉሜ አሉት። ለወሮቹ ስም ለማውጣት ጉባኤ ተጠራ። የቧንቧ ሠራተኞች አንድ ወር በስማችን ይሁን አሉ፤ የአትክልት ቤቶች ለእኛ ሁለት ይገባናል አሉ። ሰባት ቀን ከተከራከሩ በኋላ ወሮቹ በቁጥር እንዲጠሩ ተወሰነ። ዓመቱ ሲረዝም የሰው ዕድሜ አጠረ። አርባ ዓመት የሞላው ሰው በአንድ ጠዋት ሃያ አንድ ሆነ፤ ይህንን የተቃወመ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ግን በዚያች ከተማ ዓመት የጠራ ሰው ሁሉ «በዚህኛው ነው በዚያኛው?» ተብሎ ይጠየቃል።

ያስቸገረው ቀኑ ነው። አንድ መሐንዲስ ተነሥቶ እያንዳንዷ ሴኮንድ ትንሽ ትንሽ ትሳብ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። አቶ ልዑልሰገድ «ሴኮንድ ላስቲክ አይደለም» ብለው አስቀመጡት። በመጨረሻ ሰዓቱ ሁሉ በየቀኑ ለሠላሳ ዘጠኝ ደቂቃ ተኩል እንዲቆም ተስማሙ። የከተማዋ ሽማግሌዎች ሰው ሲተኛ ይቁም አሉ።

«ሰው በተኛበት የሚያልፍን ጊዜ ማን ይቆጣጠረዋል?» አሉ አቶ ልዑልሰገድ።

ስለዚህ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ሆነ። ስድስት ሲሞላ ደወል ይደወላል፤ በየግድግዳው ያለው ሰዓት ቀጥ ይላል። ጊዜው ሲያልፍ ደወሉ ዳግመኛ ይደወልና ሰዓቱ ካቆመበት ይቀጥላል። ሁሉም ሰዓት ቆሞ ሳለ ሠላሳ ዘጠኙን ደቂቃ የሚለካ አንድ ሰዓት በጊዜ ቤት ጓዳ ውስጥ ነበረ፤ እሱን ግን ሰዓት ብሎ የሚጠራው የለም፤ «መሣሪያው» ይባላል። መሐል ላይ ያለው ጊዜ በደብዳቤ ሲጠራ «ትርፍ» ነው፤ ሕዝቡ ግን ከሳህን ላይ እንደ ቀረ ምግብ «ትራፊው» ይለዋል።

ትርፉ ሕግ ያስፈልገው ነበርና ሕግ ወጣለት። በመዝገብ ሁሉ ላይ ቀንና ሰዓት የሚጻፍበት ዓምድ አለ፤ በትርፉ ደግሞ ሰዓት የለም። እንግዲህ ሕጉ እንዲህ አለ፦ በትርፉ የሆነ ነገር ሰዓት የለውም፤ ሰዓት የሌለው ነገር አይመዘገብም፤ ያልተመዘገበ ነገር አልሆነም።

ስንዱ ይህን ሕግ ወደደችው። አጭር ነው፤ ለመዝጋቢ አይከብድም። ሌላውም ሰው ቶሎ ለመደው። ሠራተኛው ጠዋት የዋጠውን ስድብ በትርፉ ለአለቃው ይሰጣል፤ አለቃውም ይመልሳል፤ ደወሉ ሲደወል ሁለቱም ወደ ሥራቸው። ሁለት የአትክልት ቤት ቡድኖች በየቀኑ በትርፉ ኳስ ይጫወታሉ፤ አንዱ ቡድን ሁለት መቶ ጎል ገብቶበት ያልተሸነፈ ነበር። አንድ ጎልማሳ ለአንዲት ነርስ የጋብቻ ጥያቄ አቀረበላት፤ እሺ አለችው፤ ከደወሉ በኋላ በኮሪደር ሲያገኛት ምን እንደሚላት ጠፋው።

ከዚያ አባባ ጎንጤ ሞቱ። የመስታወት ጣሪያውን ከአቧራ የሚጠርጉ አዛውንት ነበሩ። ምሳቸውን እየበሉ፣ በትርፉ፣ ማንኪያቸውን አስቀምጠው ግድግዳውን ተደገፉ፤ ደወሉ ሲደወል አልተነሡም። ስንዱ ሕጉን አገላበጠች። አባባ ጎንጤ አልሞቱም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ከሥራ እንደቀሩ ይጻፍባቸው ጀመር፤ በሦስት ሳምንት ውስጥም ሦስት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ወጣባቸው። ደብዳቤዎቹን በቆንጆ እጅ ጽሑፏ የጻፈችው ስንዱ ነች። ሦስተኛውን የተቀበሉት ባለቤታቸው ወረቀቱን አገላብጠው አዩና «ልጄ፣ ከዚህ በላይ ምን ይቀጧቸዋል?» ብለው ጠየቋት።

 ስንዱ የዚያን ዕለት ምሳዋን ሳትነካ መለሰችው። በማግሥቱ ግን ወደ ተለመደው ሥራዋ ተመለሰች፤ ሕግ ሕግ ነው ብላ።

ይታገሱ የሚባል የአየር ቧንቧ ሠራተኛ ወደ መስኮቷ የመጣው ከዚያ ከአንድ ወር በኋላ ነው። በዚያች ከተማ አየር እንደ ውኃ በቧንቧ ይመጣል፤ ለእያንዳንዱ ቤትም በመዝገብ የሰፈረውን ሰው ቁጥር ያህል ይከፈታል። ይህንን የሚከፍተውና የሚዘጋው ይታገሱ ነው። ቁመቱ ረዘም ያለ፣ ትከሻው ከቧንቧ ሥር ከመግባት ብዛት የጎበጠ ወጣት ነው። ስሙ ራሱ ለጸሐፊዎች ይመቻል፤ በየቢሮው ሲሄድ «ይታገሱ» ሲሉት እየጠሩት ይሁን እያስጠበቁት አያውቅም። ያን ቀን ፊቱ በርቶ ነበር።

«እትዬ ስንዱ፣ ሴት ልጅ ተወለደችልኝ! ይጻፉልኝ።»

«እንኳን ማርያም ማረችልህ! አስናቁ ደህና ናት?» ስንዱ ብዕሯን ነከረች። «ስምዋን ማን አላችኋት?»

«ገና ነው። ቀኑን ይጻፉ እንጂ፤ ዛሬ ነው።»

«ስንት ሰዓት?»

ይታገሱ ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ «በትርፉ» አላት።

ስንዱ ብዕሯን ከወረቀቱ ላይ አነሣች። አዋላጇ እማማ ብርቅነሽ የቻሉትን እንዳደረጉ ይታገሱ ነገራት። አስናቁን «ያዢ ልጄ፣ ትንሽ ቀርቷል፣ ደወሉ ሊደወል ነው» እያሉ ለምነዋታል፤ ልጅቱ ግን ሕጉን አታውቅም፤ መጣች።

«ይታገሱ፣ እንግዲያው አልተወለደችም ማለት ነው» አለች ስንዱ።

«ታዲያ እቤት የምታለቅሰው ማናት?»

«እሱን መዝገቡ አይመልስም።»

«ስድስት ከአንድ ብለው ይጻፉልኝ። አንድ ደቂቃ ማንን ይጎዳል?»

ስንዱ መዝገቡን ተመለከተች። በዚያ ሁሉ ገጽ ላይ አንድም ሐሰት አልነበረም፤ ያንን ያህል የምትኮራበት ሌላ ነገር አልነበራትም። «አልችልም» አለችው። «ግን ዛሬውኑ ሹሙን እጠይቅልሃለሁ።»

አቶ ልዑልሰገድ በጥሞና አዳመጧት። ነገሩ ከባድ አልሆነባቸውም።

«ልጅቱ ካልተወለደች የት ነው ያለችው?» ብለው ራሳቸው ጠየቁ፤ ራሳቸውም መለሱ። «በእናቷ ማሕፀን። ስለዚህ ወይዘሮ አስናቁ እርጉዝ ናቸው። ለእርጉዝ ደግሞ ሕጋችን አንድ ተኩል የአየር ድርሻ ይሰጣል። ምን ጎደለባቸው?»

ስንዱ በመዝገቡ ላይ «እርግዝናው ቀጥሏል» ብላ ጻፈች። ይህ ሐሰት ይሁን አይሁን ለማሰብ ፈለገች፤ ግን ተራ የያዘ ሰው በመስኮቱ ነበር።

አስናቁ ልጇን ትርፌ አለቻት። በየወሩም ታቅፋት ወደ ጤና ክፍል ትሄዳለች፤ የእርግዝና ክትትል ግዴታ ነውና። ነርሷ የአስናቁን ሆድ በሜትር ትለካና ልጅቱን አይታ ትጽፋለች። የክትትሉ ካርድ ለስንዱም ይደርሳታል። በሦስተኛው ወር «ፅንሱ ይስቃል» ይላል። በስምንተኛው «ፅንሱ ሁለት ጥርስ አብቅሏል»። በአሥራ ሦስተኛው «ፅንሱ በደህና ሁኔታ ላይ ይገኛል፤ ጠረጴዛ ይዞ ይቆማል»። አስናቁም ከባድ ዕቃ እንዳታነሣ ታዝዛ ነበር፤ ስለዚህ ትርፌን ማቀፍ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ነርሷ ግን ይህን አይታ እንዳላየች ሆነች።

ችግሩ የመጣው አየሩን ከሚያድለው መሥሪያ ቤት፣ ከአየር ቤት ነው። የእርጉዝ ጭማሪ ከአንድ ዓመት አያልፍም የሚል የቆየ ደንብ ነበራቸው። ደንቡ ሲጻፍ የታሰበው የምድር ዓመት ነው፤ ዓመቱ ሲረዝም ማንም ሳያስበው አብሮ ረዘመ። ለዚህ ነው ትርፌ እስክትቆም የጠበቀላት። ዓመቱ ሲያልቅ ግን ጭማሪው እንዲነሣና ቤቱ ወደ ሁለት ሰው ድርሻ እንዲመለስ ታዘዘ። ደብዳቤውን መጻፍ የስንዱ ድርሻ ነበር።

ጻፈችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን በመልእክት ሳጥን ትልከዋለች። የዚያን ቀን ግን ምን እንደያዛት ሳታውቅ ወረቀቱን ይዛ ራሷ ሄደች።

በሩን የከፈተችላት አስናቁ ናት። አጭር፣ ዓይነ ግቡ ሴት ነበረች፤ ከንፈሯ ግን አመድ መስሏል። ስንዱ ገብታ ተቀመጠች። ገና ስትቀመጥ ትንፋሿ ከበዳት፤ ደረጃ የወጣች ያህል። ይታገሱ ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሎ ነበር፤ ለመነሣት ሲሞክር አስናቁ በእጇ ምልክት ሰጠችው፤ ተመልሶ ተኛ።

«ይቅርታ እትዬ» አላት። «ከሥራ መጥቼ ካልተጋደምኩ አየሩ አይበቃንም። ሰው ሲጋደም ትንሽ ነው የሚተነፍሰው።»

«ገና እኮ አልተቀነሰባችሁም» አለች ስንዱ፤ ደብዳቤው እጇ ላይ እንዳለ ረስታው።

«ግማሽ ድርሻ ለአራስ ልጅ ነው የሚበቃው» አለች አስናቁ። «እሷ እኮ ትሮጣለች።»

ትርፌ ከጥግ ብቅ አለች። ሁለት እርምጃ ሮጠች፤ አስናቁ ቶሎ ይዛ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት። ልጅቱ ለማልቀስ አፏን ከፈተች፤ እናትየው በጆሮዋ የሆነ ነገር አንሾካሾከችላት፤ ልጅቱም ዝም አለች። በምድር አቆጣጠር አንድ ዓመት ከምናምን የሆናት ልጅ ልቅሶን መቆጠብ ለምዳ ነበር። ስንዱን ከሁሉ ነገር ይህ ነካት።

«ይታገሱ፣ አንተ እኮ ነህ የሁሉን ቤት ቧንቧ የምትከፍተው» አለች ሳታስበው።

«ያልተፈቀደልኝን ብከፍት ከጎረቤት ይቀነሳል፤ አየሩ አንድ ነው» አላት። «ጎረቤታችን አስም አለባቸው።»

አስናቁ ወደ ስንዱ እጅ እያየች «ደብዳቤው የእኛ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«አይ» አለች ስንዱ። ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችው። «የሌላ ሰው ነው።» ይህ በዕድሜዋ በሥራ ላይ የተናገረችው የመጀመሪያ ሐሰት ነበር። ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ቆመችና እስኪበቃት ተነፈሰች፤ በመተንፈሷም አፈረች።

በማግሥቱ ስድስት ሰዓት ላይ ደወሉ ተደወለ። ሰዓቱ ሁሉ ቆመ። ሰው ወደ ኳሱና ወደ ስድቡ ወጣ። ስንዱ ሌላ ጊዜ በትርፉ መዝገቡን ዘግታ ምሳዋን ትበላለች። ያን ቀን ግን ወንበሯን ስባ የልደት መዝገቡን ከፈተች።  ከዚያ ጻፈች፦ ትርፌ ይታገሱ፤ ሴት፤ የእናት ስም አስናቁ፤ ቀኑንም እንዳለ። «ሰዓት» ከሚለው ዓምድ ስትደርስ አሰበች። ስድስት ከአንድ አላለችም። «ትርፍ» ብላ ጻፈችና ማኅተሙን አሳረፈችበት። ሐሰት አልነበረበትም። ቀለሙን እፍ ብላ አደረቀችው።

የአየር ቤት ሠራተኛ በየጠዋቱ መጥቶ አዲስ የሰፈረ ስም ካለ ይገለብጣል። ስምና የቤት ቁጥር ብቻ ነው የሚያነበው። በሦስተኛው ቀን በይታገሱ ቤት ቧንቧው ለሦስት ሰው ተከፈተ። የከፈተው ራሱ ይታገሱ ነው፤ ትእዛዙን ሦስት ጊዜ አንብቦታል አሉ። ያን ቀን ከዚያ ቤት የልጅ ልቅሶ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ተሰማ። ትርፌ ያለቀሰችው ምንም ሳትሆን ነው፤ ያማራት ስኳር ነበር።

ነገሩ አቶ ልዑልሰገድ ዘንድ የደረሰው መዝገቦች በሚታዩበት የወር መጨረሻ ላይ ነው። በእግራቸው ወደ መዝገብ ቤት መጡ። መዝገቡን ዘርግተው ጣታቸውን መስመሩ ላይ አሳረፉ።

«ወይዘሮ ስንዱ፣ ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው፣ ጌታዬ።» 

«መቼ ጻፉት?»

«በትርፉ።»

አቶ ልዑልሰገድ ጣታቸውን አነሡ። «በትርፉ ከሆነ አልተጻፈም።»

«እኔም እንደዚያው ነው የማውቀው።»

«እንግዲያው ይሰረዝ።»

ስንዱ የመሰረዣ ቅጽ አወጣች። «የሚሰረዘው ጽሑፍ የተጻፈበት ሰዓት የሚል ቦታ አለው። ምን ልበል?»

ሹሙ አሰቡ። «እንግዲያው ያለ ቅጽ፣ በትርፉ ይሰርዙት።»

«እሺ። እንደዚያ ካደረግሁት ግን አልተሰረዘም ማለት ነው።»

 አቶ ልዑልሰገድ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ወይዘሮ ስንዱ፣ ይህ በደል መሆኑ ይገባዎታል?»

«ይገባኛል። ሊቀጡኝ ይችላሉ። በደሉ ስንት ሰዓት ላይ ተፈጸመ ተብሎ እንደሚጻፍ ብቻ ይንገሩኝ፤ እኔው እጽፈዋለሁ።»

ይህንን ያለችው ለማሾፍ አልነበረም። የቅጣት ደብዳቤ የምትጽፈው እሷ ስለሆነች በእርግጥ ማወቅ ፈልጋ ነው። ሹሙም ይህ ገባቸው። መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ፤ መዝገቡን በቀስታ ዘግተው ወጡ። 

ወሬ በዚያች ከተማ ከደወል ይፈጥናል። በማግሥቱ ስድስት ሲደወል ስንዱ ቀና ስትል በመስኮቷ ፊት ሰልፍ ቆሟል። መጀመሪያ የቆሙት የአባባ ጎንጤ ባለቤት ነበሩ። ሦስቱን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎች በመስኮቱ አቀበሏት። ስንዱ የሞት መዝገቡን አውጥታ ጻፈች፤ ስትጨርስ እጃቸውን በመስኮቱ አስገብተው ክንዷን ጨበጥ አደረጉት። ከኋላቸው ያ ጎልማሳና ያቺ ነርስ ነበሩ፤ አሁን ግን ክንድ ለክንድ ተያይዘው። ቀጥሎ ወፍራም የመጋዘን ሠራተኛ መጣ።

«አለቃዬን ሰድቤዋለሁ፤ ይጻፍልኝ» አለ።

«ቅጣት እንደሚያመጣብህ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። ይቅርታ ልጠይቀው ብዬ ነው። ያልሰደብኩትን ሰው እንዴት ይቅርታ እጠይቃለሁ?»

ስንዱ ጻፈችለት። በየቀኑ ሠላሳ ዘጠኝ ደቂቃ ተኩል ትጽፋለች፤ ደወሉ ሲደወል ብዕሯን ታስቀምጣለች፤ የቀረው ሰው ነገ ይመለሳል። ከጊዜ ቤት ትእዛዝ ይመጣል ብላ ጠበቀች፤ ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ፤ አልመጣም። መዝገቡ ግን እንደ ፀና አይቆጠርም ነበር፤ አየር ቤት ስም ስላነበበ ብቻ ነው ትርፌ የምትተነፍሰው። አንድ የተማረ ጸሐፊ ነገ ከነገ ወዲያ ተቀይሮ መጥቶ «ሰዓት» የሚለውን ዓምድ ቢመለከት ሁሉም እንደሚያከትም ስንዱ ታውቅ ነበር። አስናቁም ታውቅ ነበር፤ በኮሪደር ሲገናኙ «እስካሁን ምንም የለም?» ትላታለች፤ «ምንም» ትላታለች ስንዱ።

አንድ ቀን ሰልፉ አልቆ ስንዱ መዝገቡን ልትዘጋ ስትል አንድ ሰው በመስኮቱ ቆመ። አቶ ልዑልሰገድ ነበሩ። ተራ ይዘው እንደነበር ያስተዋለችው ያን ጊዜ ነው፤ መጨረሻ ላይ፣ ከኳስ ተጫዋቾቹ ኋላ ቆመው ኖሯል።

«እርስዎ ደግሞ ምን ልጻፍ፣ ጌታዬ?»

ለመናገር ጊዜ ወሰደባቸው። ቃል እየለኩ አልነበረም፤ ቃሉ ጠፍቷቸው ነው።

«ባለቤቴ፣ የውብዳር፣ ትታኝ ሄዳለች።»

ከተማው ሁሉ ያውቀው ነበር። ወይዘሮ የውብዳር ከገደል ማዶ ወዳለችው ሌላ ከተማ በጭነት መኪና ከሄዱ ሁለት ዓመት አልፏል፤ በዚያኛው አራት መሆኑ ነው። ሹሙ ግን ሰው ስለ ባለቤታቸው ሲጠይቃቸው «ደህና ናት፣ ቤት ናት» ይሉ ነበር። ስንዱም ወይዘሮዋ በመዝገቡ ላይ አሁንም እዚያው ቤት እንዳሉ ታውቃለችና ከዚያ አልፋ ጠይቃ አታውቅም።

«ምሳ ቀርቦ ነበር» አሉ አቶ ልዑልሰገድ። «ደወሉ ተደወለ። ተነሥታ ‹ከእንግዲህ አልችልም› አለችኝ። ሻንጣዋ በሩ አጠገብ ነበር። ሰዓቱ ቆሞ ነው የሄደችው። እኔም . . .» ቆም አሉ። «ሕጉ ነበረኝ።»

 ስንዱ የመዝገቡን ገጽ ገለጠች።

«በእኔ ቤት አየር የሚከፈተው ለሁለት ሰው ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ይህን ሁሉ ጊዜ። ይጻፉት፣ ወይዘሮ ስንዱ።»

ስማቸውን ጻፈች፤ የወይዘሮ የውብዳርን ስም ጻፈች። ቀኑን ነገሯት፤ ሳያመነቱ ነገሯት። «ሰዓት» ወደሚለው ዓምድ ስትደርስ ደወሉ ተደወለ። በግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ከቆመበት ተነሣ። ስንዱ እንደ ልማዷ ብዕሯን ልታስቀምጥ ብላ ቀና አለች።

አቶ ልዑልሰገድ ከመስኮቱ አልሄዱም። «ይቀጥሉ» አሏት።

«ሰዓቱ ጀምሯል፣ ጌታዬ። አሁን የጻፍኩት ይቆጠራል።»

«አውቃለሁ።»

ስንዱ ዓምዱ ውስጥ «ትርፍ» ብላ ጻፈች። ሹሙ መዝገቡን ወደ ራሳቸው አዞሩት፤ የጻፈችውን አነበቡት፤ ብዕሯን ተቀብለው ከሥሩ ፈረሙ። ከዚያ ወደ ግድግዳው አንጋጠው ሰዓቱን አዩና ከፊርማቸው አጠገብ በጥንቃቄ ጻፉ፦ ስድስት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ።